ዝም ያለው ኔትወርኩ ነው

በሸዋ ሮቢት ሙቀት ከሰው ቀድሞ የሚደክመው ስልክ መሆኑን ያወቅሁት የልጅ ልጄ ኒካህ የታሰረ ቀን ነው። ታሰረ የተባለ ቀን ብል ይሻላል። ታስሯል አልታሰረም በሚለው ከልጄ ጋር፣ ከሸሁ ጋር፣ በኋላም ከቀበሌ ጋር ስከራከር የከረምኩት እኔ ነኝና ነገሩን ከሌላ ሰው አፍ ተጣሞ ከምትሰሙት ከእኔው ስሙት። እኔም አጣምም ይሆናል፤ ግን ወደ ራህመት ነው የማጣምመው።

ራህመት የልጄ የሙሄ የመጀመሪያ ልጅ ናት። ሳውዲ ሰው ቤት ትሠራለች። ሊያገባት የፈለገው እንድሪስ እዚሁ ከተማ ባጃጅ ይነዳል። ሳትሄድ በፊት ይተዋወቃሉ። ምን ያህል እንደሚተዋወቁ ጠይቄ አላውቅም፤ ወደ ጀውሃ ስንሄድ ከእኔ ሒሳብ አልቀበልም ማለቱ ግን ለአሮጊት ፍቅር ብቻ እንዳልነበረ ይገባኛል።

አንድ ቀን ሙሄ መጣና «ኒካሁን በስልክ እናስረው» አለ።

«ትምጣና ይታሰር» አልኩ።

«እማዬ፣ ሥራ ላይ ናት። ዘመኑ እኮ ተለውጧል።»

ልጄ ዘመኑ ተለውጧል ሲለኝ አንድ ነገር ከእኔ ሊሸሽግ እንደሆነ አውቃለሁ። የወለድኩት እኔ ነኝ። ቢሆንም ሳልጠይቅ አልፈርድም ብዬ ሸሁ ዘንድ ሄድኩ። ሸሁ የሰፈራችንን ኒካህ ሁሉ የሚያስሩ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው።

«እስቲ ልብ ይበሉ እናቴ» አሉኝ። «ወሊዋ፣ ማለት የሚድራት አባቷ፣ እዚህ ነው። ሙሽራው እዚህ ነው። ምስክሮቹ እዚህ ናቸው። ዳርኩህ፣ ተቀበልኩ የሚባባሉት እዚሁ አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ነው። ከስልኩ የምንፈልገው የእሷን ፈቃድ ብቻ ነው። ድምፅዋን የምታውቁ፣ ፊቷን የምታዩ ከሆነ ምን ያግዳል? እሱ ራሱ ባሕር ማዶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይከብድ ነበር፤ ስለ እሱ ተቀምጦ የሚቀበል ወኪል ያስፈልገን ነበር።»

እውነት መሰለኝ፤ እውነትም ነው። ሴቷ ከወንዶቹ መካከል መቀመጥ የለባትም፤ መጠየቅ ግን አለባት። ልጃገረድ ከሆነች ደግሞ አፍራ ዝም ብትል ዝምታዋ እሺታ ይሆናል። ይህ የዲን ነገር ነው፤ አልቃወመውም። ልጃገረድ ታፍራለቻ።

እኔ ራሴ የተዳርኩት በዝምታ ነው። አጎቴ ከመጋረጃው ወዲያ ቆሞ «ፈቅደሻል ወይ?» ሲለኝ አፌ ሸንኮራ ሞልቶት ነበር። ልዋጠው ልትፋው ስል እልልታው ቀለጠ። ባሌ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ደግ ሰው ነበር። ሸንኮራውን ውጬ ብመልስም መልሴ እሺ ነበር። ግን አልጠበቁኝም። ሰው አፉ ውስጥ ያለውን እስኪውጥ ድረስ አለመጠበቅ ትንሽ ነገር ይመስላል። እኔ ግን ከነጥርሴም ሆነ ጥርሶቼ ካለቁ ወዲህ ሸንኮራ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ቀኑ ደረሰ። ሰዓቱን የመረጠችልን የራህመት አሠሪ ናት፤ ማለት ከዙህር ሶላት በኋላ ስለምትተኛ ልጅቷ ስልክ መያዝ የምትችለው ያኔ ነው። ያ ሰዓት እኛ ዘንድ ዶሮ እንኳ ክንፏን ዘርግታ አፏን የምትከፍትበት ነው። የሽንኩርት ሳጥን ደፍተን፣ በላዩ ጨርቅ አንጥፈን፣ ስልኩን በትልቅ ማንጎ አስደግፈን አቆምነው። ማንጎው ሁለት ጊዜ ተንከባለለና ስልኩ በጀርባው ወደቀ፤ ራህመት የቤታችንን ቆርቆሮ ስታይ ቆይታ «ቆርቆሮው ዝጓል እኮ» አለች። ሁሉም ሳቀ። ሙሄ ብቻ አልሳቀም።

ከዚያ ስልኩ ጋለ። በጣም ሞቆኛል ብሎ ይጽፋል አሉ፤ መጻፍ የሚችል ነገር ማዘን እንዴት ያቅተዋል ብዬ አዘንኩለት። ሸሁ ላባቸው ከጥምጣማቸው ሥር እየወረደ ተቀምጠው፣ ሰዉ በሰፌድ የሚያራግበው ስልኩን ነበር።

ከምስክሮቹ አንዱ የእንድሪስ አጎት ሲሆኑ ሁለተኛው ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ ናቸው። ጋሽ ሰይድ ሐቀኛ ሰው ናቸው፤ ችግራቸው ጆሯቸው ነው። ለምስክርነት እንዲሰሙ ስልኩ ወደ እሳቸው ተጠጋ፤ ወደ እሳቸው ሲጠጋ ከአጎትየው ራቀ፤ አጎትየው ጎተቱት፤ ማንጎው እንደገና ተንከባለለ።

በመጨረሻ ጸጥታ ሆነ። ሙሄ ጉሮሮውን ጠራረገና «ራህመት፣ ልጄ፣ ለእንድሪስ ልድርሽ ነው። ፈቅደሻል ወይ?» አለ።

ልጅቷ አፏን ከፈተች። እንደ ከፈተች ቀረች።

ጠበቅን። ስልኩ ላይ ያለው ፊት አልተንቀሳቀሰም። ድምፅ የለም። አንድ ሰው ከኋላ «አፈረች» አለ። ሌላው «ማሻአላህ፣ አደብ ያላት ልጅ» አለ። ሸሁ ትንሽ ጠበቁ፤ እውነቱን ልናገር፣ ጠብቀዋል። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሙሄ የእንድሪስን እጅ ያዘ፣ መህሩ፣ ጥሎሿ፣ ተጠራ፣ «ዳርኩህ» አለ፣ እንድሪስ «ተቀበልኩ» አለ፣ ፋቲሓ ተቀራ፣ እልልታው ተነሣ።

«ቆዩ» አልኩ።

እልልታ ሲቆም ደስ የማይል ነገር ነው፤ መሐሉ ላይ ይሰበራል።

«ምን ሆንሽ እማዬ?»

«ልጅቷ አልመለሰችም።»

«ዝም አለች እኮ። ዝምታዋ ፈቃዷ ነው።»

«እሷ መቼ ዝም አለች? ዝም ያለው ኔትወርኩ ነው።»

ሳቁ። ስልኩን አንሥቼ ለሁሉም አዞርኩት። «ዓይኗን እዩት። አንዱ ተከድኗል፣ አንዱ ተከፍቷል። በአንድ ዓይኑ የሚያፍር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

ይህን ጊዜ ሸሁ ፊታቸው ተለወጠ። ወደ ጋሽ ሰይድ ዞረው ጮክ ብለው «ምን ሰሙ?» አሏቸው።

«ሰምቻለሁ» አሉ ጋሽ ሰይድ።

«ምኑን?»

«ዱዓውን። ያማረ ዱዓ ነበር።»

የፈዘዘው ሥዕልም በእጄ ላይ ጠፋ። ደወልን፤ አይነሣም። አሠሪዋ ነቅታለች ማለት ነው። እስከ ነገ ቀትር ድረስ ራህመት ያገባች ትሁን ያላገባች የሚያውቅ ሰው በቤቱ ውስጥ አልነበረም።

የባሰው ደግሞ ምግቡ ነው። ቸኩለን ፍየሉን ጠዋት አርደን፣ እንግዳው ኒካሁ ሳይታሰር መብላት ጀምሮ ነበር። የእንድሪስ አጎት «ሥጋው እኮ ተበልቷል» አሉ። አነጋገራቸው ሥጋን ሦስተኛ ምስክር ያደረጉት ይመስል ነበር።

«ሥጋ ለኒካህ ከሚያስፈልጉት ሸርጦች ውስጥ የለም» አሉ ሸሁ እጃቸውን እየታጠቡ። «እናቴ ያሉት ይጣራ። ልጅቷ እስክትገኝ ማንም ምንም አይበል።»

እንድሪስ ነጭ ጀለቢያውን እንደ ለበሰ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። «እማማ፣ እኔ አሁን ባል ነኝ ወይስ እንግዳ?»

«እንግዳ ነህ። ብላ።»

በላ። ሲበላ ግን ዓይኑ ስልኩ ላይ ነበር። ልጁ ያን ቀን ይበልጥ ገባኝ።

ሙሄ ሲያመሽ አኩርፎኝ ነበር። «በሰው ፊት አዋረድሽኝ» አለኝ። እኔ የስልክ ጠላት ሆኜ አይደለም። በስልክ አልቅሻለሁ፤ አጣዬ የተቃጠለ ጊዜ የእህቴን ልጆች በሕይወት መኖር የነገረኝ ስልክ ነው። ድምፅን የሚያመጣ ነገር አይናቅም። ግን ስልክ ሰውን ሲያመጣ ቆርሶ ነው የሚያመጣው። አንዳንዴ ፊቱን ያለ ድምፁ፣ አንዳንዴ ድምፁን ያለ ፊቱ። ያልመጣውን ቁራጭ እኛ ከራሳችን እንሞላዋለን። የምንሞላውም የሚመቸንን ነው።

በማግስቱ ቀትር ላይ እሷው ደወለች፤ ወደ እኔ።

«እማማ፣ ሸርጤን ተቀበሉ አይደል?»

«የምን ሸርጥ?»

«የተናገርኩት ነዋ። ረጅም ነው የተናገርኩት፤ እንዳልረሳ ስለማመደው ነበር የሰነበትኩት። ሁላችሁም ጸጥ ብላችሁ ሰማችሁኝ። ሸሁ እንኳ ዓይናቸውን ሳያነሡ። አባባ አንድ ቃል አልተናገረም። ዝም ካለ ተስማምቷል ብዬ እያለቀስኩ ጨረስኩ።»

እዚያው የሽንኩርቱ ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ። ለካ እኛም ለእሷ ፈዝዘንባት ነበር። እሷ የእኛን ዝምታ እሺታ አድርጋ ወሰደች፤ እኛ የእሷን። በአንድ ስልክ፣ በአንድ ሰዓት፣ ሁለት የማይተዋወቁ ኒካሆች ታስረዋል፤ አንዱ ሳውዲ፣ አንዱ ሸዋ ሮቢት።

«ምን ነበር ያልሽው? አሁን ንገሪኝ፤ ብቻዬን ነኝ።»

«እንድሪስን እፈልጋለሁ አልኩ። ግን የስልክ ሚስት አልሆንም አልኩ። ውሌ ሲያልቅ እገባለሁ፤ ከገባሁ በኋላ ተመለሺ እንዳትሉኝ። ይህን ከተቀበላችሁ ፈቅጃለሁ አልኩ።»

«አባትሽ ልትቆይ ነው የምትፈልገው ብሎናል እኮ።»

ከሩቅ አሠሪዋ ስትጣራ ሰማሁና ተዘጋ።

ሙሄንና እንድሪስን ይዤ ሸሁ ዘንድ ሄድኩ። በመንገድ ላይ ባጃጁን የነዳው እንድሪስ ስለሆነ ሙሄ ከኋላ ተቀምጦ የሙሽራውን ማጅራት ከማየት ሌላ ምርጫ አልነበረውም። የሰማሁትን አንዲት ቃል ሳልጨምር ነገርኳቸው።

እንድሪስ ወደ ሙሄ ዞረ። «ጋሼ፣ ውሏን አድሳ ልትሠራ እሷ ናት የፈለገችው ያሉኝ እርስዎ ነበሩ። እኔም ፍላጎቷ ከሆነ ብዬ ነው የቻልኩት።»

ሙሄ ጫማውን አየ። «እሷ በምትልከው ብር የጀመርኩት ቤት ጣሪያ አልወጣለትም» አለ። «ግድግዳው ቆሟል። ጣሪያው ብቻ ነው የቀረው። ለማን ብዬ ነው የምሠራው? ለእሷው እኮ ነው።»

ልጄን አልጠላሁትም። ለእሷ ነው ያለውም ውሸት አይደለም። ለሰው ብሎ ሰውየውን አለመጠየቅ ግን እንዴት ያለ ነገር ነው? አባቶች ቤት ሲሠሩ ልጅቷ የምትተኛበትን ክፍል ያሳያሉ፤ ልጅቷ ግን የለችበትም።

ሸሁ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ስልክ አልነበረምና ማን ዝም እንዳለ ሁላችንም አውቀናል። «ፊቷን ካያችሁ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «ያየነው ፊት አልነበረም፤ ቆሞ የቀረ ሥዕል ነው። የልጃገረድ ዝምታ ፈቃድ የሚሆነው ጥያቄው እንደ ደረሳት፣ መልስም መከልከል ትችል እንደነበር ሲታወቅ ነው። ትናንት ያሰርነውን አልቆጥረውም። ይደገማል። ሸርጧ በሁሉም ፊት ይነገራል። በአፏ ትመልሳለች። ከመለሰች በኋላም እኛ ምን እንደ ሰማን መልሰን እንነግራታለን።»

«ሸርጧን ትቀበላለህ?» አልኩት እንድሪስን።

«እኔ ስልክ ላገባ አልመጣሁም እማማ።»

ደገምነው። በዚህኛው ስልኩን ከውኃ ጋኑ ጥግ እርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀመጥነው። ያለ ፍየል፣ ያለ ማንጎ። ሸርጡ ተነገረ፣ እንድሪስ ተቀበለ፣ እሷ በአፏ ፈቀደች፤ ሸሁም የሰሙትን ደግመው ነገሯት። ሙሄም ዳረ። ግን ሲድር ድምፁ ያለው ስለ ዛሬ ነበር፤ ነገን ለራሱ አስቀርቷል። እናት ይህን ትሰማለች። ሸሁም ሰምተው ኖሯል፣ ሲነሡ «ቀበሌ አስመዝግቡት። ሸርጥ በሰው ትውስታ ላይ ብቻ አይደር» አሉ።

ሙሄ ደስ አለው፤ እኔን የገረመኝ እሱ ነው። በማግስቱ ቀበሌ ሲገባ ገባኝ።

ወሳኝ ኩነት የምትመዘግበው ልጅ ከእንድሪስ በዕድሜ የምትበልጥ አትመስልም። ሙሄ ነገሩን አስረድቶ ስልኩን አወጣ። «በቪዲዮ ላገናኝሽ። ወይ ውክልና ትልካለች፤ እኔ ስለ እሷ እፈርማለሁ። ከዚያ መምጣት አያስፈልጋትም።»

«አይሆንም» አለች።

እኔ ቀበሌን ብዙ ጊዜ ተጣልቼዋለሁ፤ ቦኖ ውኃ በተቋረጠ ጊዜ ሊቀመንበሩ በኋላ በር ወጥተው ሄደውብኛል። ልማዴ ሆነና «ሸሁ ያሰሩትን አንቺ ልትፈቺው ነው?» አልኳት።

«አልፈታም እማማ። በሃይማኖት የታሰረውንም ጋብቻ ሕጉ ያውቀዋል። ግን እኔ የምመዘግበው ሁለቱም ፊቴ ቆመው፣ በፈቃዳቸው መሆኑን ከአፋቸው ሰምቼ፣ በእጃቸው ሲፈርሙ ነው።»

«ውክልና እያለ?» አለ ሙሄ።

«በውክልና ቤት ይሸጣል፣ መኪና ይገዛል። ሰው ግን በሌላ ሰው አያገባም። በጣም ከባድ ምክንያት ካለ ከላይ፣ ከፍትሕ በኩል፣ ልዩ ፈቃድ ይጠየቃል። ከባድ ምክንያት አላችሁ?»

ሙሄ እኔን አየ።

«አለው» አልኩ። «ጣሪያ ነው።»

ልጅቷ አልገባትም። እሱ ገብቶታል።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አለ ቀስ ብሎ።

«ትምጣ።»

እኔ ለመጣላት ነበር የሄድኩት። ይህቺን ቃል ስሰማ ግን መርቄያት ወጣሁ፤ ምን እንዳደረገችልኝ ሳታውቅ አሜን አለች። ሸሁ ፈቃዷን ይላሉ፣ ቀበሌ አካሏን ይላል። ሁለቱ ሕጎች አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ የሚጎትቱ እየመሰለኝ ስናደድ ነበር። ለካ አንዲቱን ልጅ ነው የሚጠሩት፤ አንዱ በድምፅዋ፣ አንዱ በእግሯ። ማንም ስለ እሷ እንዳይናገር።

በቀትር ደወልኩ። «ራህመት፣ ቀበሌ ይፈልግሻል።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ካልመጣሽ ጋብቻሽን አልመዘግብም ብሏል። በስልክም አይሆንም፣ አባትሽም አይፈርምልሽም። አንቺው መምጣት አለብሽ። እኔ ሳልሆን ሕጉ ነው ያለው።»

ዝም አለች።

ስልኩን ወደ ዓይኔ አቀረብኩት። ከኋላዋ መጋረጃው በማቀዝቀዣው ነፋስ ይወዛወዛል። ሁለቱም ዓይኖቿ ይርገበገባሉ። እንባዋ እስከ አገጯ ወረደና በእጇ ጀርባ ጠረገችው። አንገቷ ውስጥ የሆነ ነገር ሊወርድ እየታገለ ነበር። «ምን ሆንሽ፣ መልሺልኝ እንጂ» ማለት አማረኝ። አላልኩም። እስክትውጠው ጠበቅኋት።

«መቼ ልምጣ?» አለች።

ውሏ እስኪያልቅ ትንሽ ፈጀ፤ መጣች። ከአውቶቡሱ ሻንጣዋን ያወረደላት አባቷ ነው። ተሸክሞ ሲሄድ ከፊት ከፊት እንጂ ከጎኗ መራመድ አቅቶት ነበር፤ በሩ ጋ ሲደርስ ግን ሻንጣውን ሳያስቀምጥ «ቆርቆሮውን እኔ ራሴ እለውጠዋለሁ» አላት። የዛገውን ነው። አዲሱ ቤት እስካሁን ጣሪያ የለውም፤ በዚህ በረሃ ነፋስ ይገባዋል ብዬ ራሴን አጽናናለሁ።

ቀበሌ ስንሄድ እነዚያው ምስክሮች መጡ። ወንበር ስላልበቃ ጋሽ ሰይድ ከበሩ አጠገብ፣ ከሁሉም ራቅ ብለው ተቀመጡ። መዝጋቢዋ ልጅ መዝገቧን ገልጣ «ወይዘሪት ራህመት፣ በራስዎ ፈቃድ...» ስትል፣ ጥያቄው ሳያልቅ፣

«ፈቅጃለሁ» አለች ራህመት።

ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞረ። እንድሪስ አፈረና መሬት አየ። ጋሽ ሰይድ ከበሩ በኩል እጃቸውን ከጆሯቸው አነሡ።

«ይቺን ሰማኋት» አሉ።